«አምልኮ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ሰላም የቃላት ሰዎች። እሁድ ቤታችን ቡና ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የአጎቴ ልጅ ከጸሎት ቤት መጣና «ዛሬ አምልኮው ልዩ ነበር» አለ፤ መዝሙሩን ማለቱ ነው። ከቢቸና የመጣችው አያቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «የምን አምልኮ ነው ልጀ? የጣዖት ነው?» በሳቅ ፈረስን። ግን ሁለቱም የተሳሳቱ አልመሰለኝም። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው?

ከሞጣ፦ አያትሽ ልክ ናቸው። እኛ ሰፈር «አምልኮ» ብቻውን ብዙ አይሰማም። «ባዕድ አምልኮ» ሲባል ነው የምንሰማው። ለራሳችን ሲሆን «አስቀድሼ መጣሁ»፣ «ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ» ነው የምንለው። ሥሩ ግን «መልክ» ይመስለኛል። የአምላክን መልክ መፈለግ ዓይነት።

የኔታ (ደብረ ማርቆስ)፦ መልክስ አይደለም ልጄ። እሱ በግእዝ «መልክዕ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ዐይኑ ዕ አለች። አማርኛ ስለዋጣት ነው የተምታታብህ። አምልኮ «መለከ» ከሚለው ነው፦ ገዛ፣ የራሱ አደረገ። «አምላክ»ም ከዚያው ነው። እንግዲህ አመለከ የተባለ ሰው «ባለቤቴ እሱ ነው» ብሎ ያደረ ሰው ነው። መዝሙር 95 «ኑ፥ እንስገድ ለእርሱም እንገዛ» ይላል። «እንገዛ» የምትለዋን ያዟት።

ጎጃም ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለን፣ እጃችን ላይ ሆኖ የማናየው። ቅኔ! ቅኔ ሲባል ሁላችንም ሰምና ወርቅ እንቆጥራለን፤ የቅኔ ቤቶቹ ጎንጂና ዋሸራ ትዝ ይሉናል። ቃሉ ግን «ቀነየ» ከሚለው ነው፤ አስገዛ ማለት ነው። «ተቀንየ» ሲሆን ተገዛ፣ አገለገለ ይሆናል። መዝሙር 2 በግእዙ «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ይላል። አማርኛው «ተገዙ» ብሎታል። ተማሪ ሆኜ ሌሊት ቅኔ ስቆጥር፣ ቤት አልመታ ሲለኝ ስናደድ፣ ግጥም የምሠራ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ስሙ መገዛት ነው። ዜማውና ጥበቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የአጎትሽ ልጅም መዝሙሩን አምልኮ ማለቱ ነውር የለበትም፤ መዝሙሩ ሲያልቅ አምልኮው አለቀ ካለ ነው የሚያጣላን።

ጠያቂ፦ የኔታ፣ ታዲያ ስግደትና አምልኮ አንድ ናቸው? በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ዮሐንስ 4 ላይ «በመንፈስና በእውነት» የተባለው «የሚሰግዱ» ነው እንጂ «የሚያመልኩ» አይልም።

የኔታ፦ ጥሩ አየሽ። አንድ አይደሉም፤ አይለያዩምም። ማቴዎስ 4ን ተመልከቺ። ሰይጣን የጠየቀው «ወድቀህ ብትሰግድልኝ» ብሎ ነው፤ ለአንዴ ያህል። ጌታ ሲመልስ «ለጌታ ለአምላክህ ስገድ እርሱንም ብቻ አምልክ» አለ። ያልተጠየቀ ግሥ ጨመረበት። መስገድ የጉልበት ነው፣ ማምለክ የኑሮ። ደግሞ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ስግደት የለም። በዚያ ሁሉ ቀን አምልኮ ቆሟል የሚል አለ?

ከዳንግላ፦ እኔን ሁሌ የሚያስቸግረኝ «አስቀደሰ» ነው። ቄሱ ይቀድሳሉ፣ እኛ እናስቀድሳለን። «ልብስ አሰፋሁ» እንደማለት! ሌላው ሠርቶልኝ እኔ የማይ ያስመስለዋል።

የኔታ፦ ሰዋስዉ ያታልላል፣ እውነትህን ነው። ግን መጽሐፈ ቅዳሴውን ግለጥ፤ «ይበል ካህን»፣ «ይበል ዲያቆን» ካለ በኋላ «ይበል ሕዝብ» ይላል። ዲያቆኑ «ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ሲል «ቅድሜከ እግዚኦ ንሰግድ ወንሴብሐከ» የምትለው አንተ ነህ። ዝም ብለህ ግድግዳ ተደግፈህ ከቆምክማ፣ አዎ፣ ልብስ አሰፍተህ ነው የመጣኸው።

ከሞጣ፦ 😄 በቃ ተነካን። «ስሜ መጣሁ»ስ የኔታ?

የኔታ፦ እሱ «ተሳለመ» የሚለው የቤት ስሙ ነው። ተሳለመ ደግሞ ከሰላም ነው፤ ሰላም አለ፣ እጅ ነሣ።

ጠያቂ፦ አሁን ገባኝ። አያቴ ትናንት ከሰዓት ወጣ ብላ ወዲያው ተመለሰች። የቅጽሩን በር ስማ ነው የመጣችው። «ምነው ሳትገቢ?» ብላት «እህል ቀምሻለሁ ልጀ፣ ሰላም ብየው መጣሁ» አለችኝ።