ከአቦል የመጣችው የጦር መንኮራኩር፦ ዲዛይኗ ላይ እርዱኝ

የታቦር ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ከሐዋሳ ነኝ። ከዓመት በላይ አንድ የሳይንስ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። አሁን የጠላት መንኮራኩር ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ።

መነሻውን ላስረዳ። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እያንዳንዱ አገር ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለእኛ የደረሰን አንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለ ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቱ አቦል። ይህን የሰማሁ ቀን ነው ታሪኩ የመጣልኝ። አቦል ከጁፒተር ብዙ እጥፍ የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ስለሆነ ነዋሪ ላሰፍርበት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ከራሴ አንድ ጨረቃ ፈጠርኩለትና ቶና አልኳት። የአቦል ምህዋር በጣም የተለጠጠ ነው። ወደ ኮከቡ ሲጠጋ የቶና በረዶ ይቀልጣል፣ ሲርቅ መልሶ ይጠጥራል። ነዋሪዎቿ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ወደ እኛ የሚልኩት የጦር መንኮራኩር ዓይነት ደግሞ በረካ ይባላል።

እስካሁን ያለኝ ይኸውላችሁ። በረካ 400 ሜትር ትረዝማለች፣ ወርዷ 80 ሜትር ነው፣ ድብልብል በርሜል አስቧት። ውስጧ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ነው። ቅርፊቷ 1 ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ነው። ባለ 1 ጊጋ ዋት ሌዘር አላት፣ የሌዘሩ መስታወት ስፋት 10 ሜትር። በ20 ጂ፣ ማለትም በምድር ስበት 20 እጥፍ፣ ፍጥነት ትጨምራለች። የሚነካት የለም።

ችግሩም እሱ ነው። ሁለተኛውን ምዕራፍ ለእህቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና «ታዲያ ይቺን ማን ያሸንፋታል? የሚነካት የለም ብለህ ጨረስከው እኮ» አለችኝ። ልክ ናት። በመጨረሻ ገጽ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቫይረስ ወይም ተአምር ማስገባት አልፈልግም። ድክመቷ ከገዛ አሠራሯ እንዲወጣ ነው የምፈልገው። የምታውቁትን ጣል አድርጉልኝ።

---

ፍሪጅ ጠጋኝ

ልጄ፣ እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ሐዋሳ ውስጥ ማቀዝቀዣ ስጠግን ሃያ ዓመት አለፈኝ። ዲዛይንህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሣሪያውን ቆጥረሃል፣ ቅርፊቱን ለክተሃል፤ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ግን አንድም ቃል አልጻፍክም።

ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይሠራም። ከውስጥ ሙቀት አውጥቶ ከኋላው ይጥላል፣ በቃ። ሰዎች ፍሪጁን ከግድግዳ አጣብቀው፣ ጀርባውን በካርቶን ሸፍነው «አልቀዘቅዝ አለ» ብለው ይጠሩኛል። ሄጄ ሃያ ሳንቲ ሳብ ሳደርገው ይሠራል። የአንተ በረካ የታፈነ ፍሪጅ ናት። ጠፈር ቀዝቃዛ ነው ስለሚባል ሰው መንኮራኩር ራሱ የሚቀዘቅዝ ይመስለዋል። አይደለም። ፔርሙዝ ሻይ ትኩስ አድርጎ የሚያቆየው በሁለቱ ብልቃጦች መካከል አየር ስለሌለ ነው፤ ጠፈር ማለት ደግሞ ዳር የሌለው ፔርሙዝ ነው። ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እንኳ ፈሳሽ አሞኒያ በቧንቧ እያዞረ፣ ውጭ በተዘረጉ ትልልቅ ራዲያተሮች ነው ሙቀቱን የሚጥለው። አሞኒያን እኛም እናውቀዋለን፣ ትልልቅ የበረዶ ማምረቻዎች የሚሠሩበት ነው።

አሁን ሒሳብ። ሞተሩ፣ ሪአክተሩና ሌዘሩ አንድ ላይ 10 ጊጋ ዋት የሚባክን ሙቀት ያወጣሉ እንበል። የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የሁለት ህዳሴ ግድብ ኃይል ሆዷ ውስጥ ታፍኖ ማለት ነው። ራዲያተሩ እስከ 1,000 ኬልቪን፣ ማለትም 727 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ቢግል፣ አንዱ ካሬ ሜትር በአንድ ፊቱ 57 ኪሎ ዋት ያህል ይጥላል። በሁለቱም ፊት ቢሠራ እንኳ 88,000 ካሬ ሜትር ያስፈልጋታል። አሥራ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ነው! እንዲህ ያለ ክንፍ ዘርግታ ልትዋጋ አትችልም።

ግን በረዶህን ወድጄዋለሁ። የእኔ መልስ እዚያ ላይ ነው። 1 ኪሎ በረዶ አቅልጠህ፣ አፍልተህ፣ እንፋሎት እስክታደርገው ድረስ 3 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይውጥልሃል። በሰጠኸው ልክ ቅርፊቱ 100,000 ቶን አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ በውጊያ ጊዜ ክንፏን አጥፋ፣ ሙቀቱን ለበረዶው ትስጥ፣ እንፋሎቱን ትተንፍስ። በሰከንድ ከ3 ቶን በላይ እየበላች 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ትቆያለች። ከዚያ በረዶው ያልቃል። ወይ ክንፏን ትዘረጋለች ወይ ሪአክተሯን ታጠፋለች። ሰዎችህ ያን ሰዓት መጠበቅ ነው ያለባቸው።

---

ኒውተን ከአቶቴ

ጋሼ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም፣ በጣም ቆንጆ ነው። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የ20 ጂው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ «ከዳር እስከ ዳር ውሃ» ያልከውን ተወው። በዚያ ስፋት ውሃው ብቻ 2 ሚሊዮን ቶን ይሆናል። ሁለተኛ፣ በ20 ጂ ላይ 1 ሜትር ውሃ እንደ 20 ሜትር ውሃ ይጫናል። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 20 ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ፍጡርህ ከበላዩ 1 ሜትር ውሃ ብቻ ቢኖር ሐይቃችን ወለል ላይ የተኛ ያህል ይጫነዋል። አሁን መንኮራኩሯ 400 ሜትር ናት። ጭራዋ ጋ ያለው ወታደር የሚሸከመው 8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር ነው። ከውቅያኖሶች አማካይ ጥልቀት እጥፍ በላይ!

ስለዚህ ውሃውን ጥልቀት በሌላቸው ትሪዎች ክፈለው። ትሪዎቹን ከሞተሩ ጀምረህ ወደ ላይ ደራርባቸው፣ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ። ወለሉ ሁልጊዜ ወደ ሞተሩ በኩል ይሁን። ብዙ ሰው መንኮራኩርን እንደ አውሮፕላን ጋደም አድርጎ ነው የሚያስበው፤ ሞተሩ ሲገፋ ግን «ታች» ማለት ሞተሩ ያለበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በረካ እንደ ኮንዶሚኒየም ቆማ ነው የምትሄደው።

ጠቅላላ ክብደቷን 200,000 ቶን አድርገው፣ ግማሹ በረዶ ይሁን። ያንን በ20 ጂ ለመግፋት 40 ቢሊዮን ኒውተን ገደማ ግፊት ይፈልጋል። ሞተሩ ያንን ሲያወጣ የጋሼ 10 ጊጋ ዋት ቀልድ ይሆናል፣ በረዶው በደቂቃዎች ያልቃል። እኔ ብሆን 0.01 ጂ እሰጣታለሁ። ትንሽ ይመስላል አይደል? በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን ፍጥነቷ በሰከንድ 350 ሜትር ይጨምራል። ለጠፈር ደህና ነው። 20 ጂውን ከውስጧ ለሚወጡ ትናንሽ ተዋጊዎች ስጥ፤ አብራሪው 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ተጋድሞ ይንዳት። ውሃ ሰውነትን በየአቅጣጫው እኩል ስለሚደግፍ ከወንበር ይሻላል። የሰው ልጅ እንኳ በወንበር ታስሮ ለቅጽበት ከባድ ነገር ችሏል፤ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ስታፕ በ1954 እ.ኤ.አ. በሮኬት የሚገፋ መንሸራተቻ ላይ ተቀምጦ ከ46 ጂ በላይ ቻለ፣ ዓይኖቹ ደም ቋጥረው ወረደ።

---

የአሞራ ገደሏ

እኔ ያደግኩት ዓሣ ስንሸጥ ነው። ስለ ሌዘር አላውቅም፣ ስለ ዓሣ ግን ጠይቁኝ።

አንደኛ፣ ትናንሾቹን ተዋጊዎች ከጎን በር አታውጣቸው። ቆሮሶ የምንላት ዓሣ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ ልጆቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በረካም በፊቷ ትትፋቸው፣ በፊቷ ትዋጣቸው። ግልገል በላቸው።

ሁለተኛ፣ መስኮትና ስክሪን ለምን ያስፈልጋቸዋል? ዓሣ በጎኑ በኩል ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው የሚሄድ መስመር አለው፣ በእሱ የውሃውን ንቅናቄ ይሰማል። አዛዡ ትእዛዝ ሲሰጥ ውሃው ይንቀጥቀጥ፣ ሁሉም በቆዳው ይስማ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ውሃ ሲሞቅ አየሩ ይቀንሳል። ሙቀት በበረታበት ቀን በርሜል ውስጥ ያቆየነው ዓሣ አፉን ወደ ላይ አውጥቶ ሲያዛጋ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ የተራበ መስሎኝ ነበር። በኋላ ትምህርት ቤት ነው የገባኝ። 0 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹህ ውሃ በሊትር 14 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፣ 30 ዲግሪ ላይ ግማሹን ብቻ። የቶና ልጆች የበረዶ ውሃ የለመዱ ናቸው። በረዶው ሲያልቅ አይቀቀሉም፣ ከዚያ በጣም ቀድመው ይታፈናሉ። ወታደሮቹ መሳሳት ይጀምራሉ፣ ትእዛዙ ይዘበራረቃል። ለታሪክህ ከፍንዳታ ይሄ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ክንፍና እንፋሎት ስትሉ ትዝ ያለኝ አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍ ነው። እግሩ ነጭ የሚመስለው በራሱ ኩስ ነው። እርጥቡ ሲተን ደሙን ያቀዘቅዝለታል። የእኛ ሰዎች ይቺን መንኮራኩር ከታች ሲያዩዋት አባ ኮዳ ነው የሚሏት፣ በረካ የሚለውን ስም ከየት ያውቁታል?

---

ቁጥር ይናገር

ጋሼን አከብራለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። 8 ሰዓት ጠብቆ ክንፍ መምታት እንዲህ ቀላል አይደለም። ራዲያተር ዝርግ ነው። በረካ ጠርዙን ወደ ጠላት ካዞረችው የሚታየው እንደ ምላጭ ስለት ቀጭን ነገር ነው። በአንድ አቅጣጫ የመጣ ሰው ምንም አያገኝም። በሁለት በኩል ቢመጡም ጠርዟን ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ማዞር ትችላለች። ስለዚህ ሰዎቹ ቢያንስ በሦስት በኩል፣ ሦስቱም በአንድ ዝርግ ላይ ሳይሆኑ መምጣት አለባቸው፤ ለሁለቱ ጠርዟን ስታዞር ለሦስተኛው ፊቷን ትሰጣለች። ለዚያ የሚበቃቸው ደግሞ ጠጠር ነው። 1 ኪሎ ብረት በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ከሄደ 50 ሜጋ ጁል ይይዛል፣ የ12 ኪሎ ቲኤንቲ ፈንጂ ጉልበት ማለት ነው። ለቀጭን ቧንቧ ከበቂ በላይ ነው።

የበረዶውን ቅርፊት በሌዘር ልብሳው ብትል ደግሞ፣ ሰዎቹም የእሷን ዓይነት ሌዘር ቢኖራቸው ከ10,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ጨረሩ 2.4 ሜትር ገደማ ይሰፋል። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ 1 ሜትሩን በረዶ በ12 ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። ከ100,000 ኪሎ ሜትር ግን አሥር እጥፍ ይሰፋና ያው ሥራ 20 ደቂቃ ይፈጃል። መከላከያዋ ምንድን ነው? መሽከርከር። ቡና ስትቆላ ካላገላበጥከው አንዱ ፊት ያርራል፤ በረካም በቁመቷ ዙሪያ ቀስ ብላ ከዞረች ጨረሩ አንድ ቦታ አያርፍም።

---

ፍሪጅ ጠጋኝ

ስለ ጠርዙ ልክ ነህ፣ አላሰብኩትም። በሦስት በኩል ይምጡ። አንድ ጥያቄ ግን ለደራሲው፦ በረዶው ካለቀ በኋላ ከየት ትሞላለች?

---

የታቦር ልጅ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሁሉንም መልስ ደጋግሜ አነበብኩት።

ለጥያቄዎ መልስ አለኝ ብዬ ነበር። ከሁሉ የምወደው ምዕራፍ እሱ ነው፤ በረካ በሌሊት ትመጣና ውሃ ከሐዋሳ ሐይቅ ትስባለች። ሒሳቡንም ሠርቼው ነበር። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 100,000 ቶን ቢወሰድበት ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ቢል ነው የሚጎድለው። ማንም አያውቅም፣ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በቀር።

---

ቁጥር ይናገር

ወንድሜ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይሄ አይሆንም። 1 ኪሎ ውሃ ከምድር አንስተህ ምህዋር ላይ ለማዋል ለፍጥነቱ ብቻ ወደ 30 ሜጋ ጁል ታወጣለህ። ያው ውሃ በረዶ ሆኖ የሚውጥልህ ሙቀት 3 ሜጋ ጁል ነው። አሥር ከፍለህ አንድ ማግኘት ነው። ኮከብ አቋርጦ የመጣ ፍጡር ይህን አይስትም። ጨረቃችን ዋልታዎቿ ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስባቸው ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ አላት፣ የስበት ኃይሏም ትንሽ ነው። ከዚያ ነው የምትቀዳው።

---

የታቦር ልጅ

አነበብኩት። ምዕራፉን ማውጣት በጣም ከብዶኛል፣ ግን እውነት ነው። ዛሬ ጠዋት ሰረዝኩት።

አሁን ያለው እንዲህ ሆኗል። በረካ ጨረቃ ደርሳ ሳትሞላ ነው ሰዎቹ የሚደርሱባት። 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይሆናል፣ ከአዛዡ ቆዳ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ውሃው እየሞቀ፣ ትእዛዙ እየተምታታ፣ ትንፋሹ እያጠረ። መጨረሻ ላይ ክንፏን ስትዘረጋ ከሐዋሳ ቀይ ብርሃን ሰማይ ላይ ይታያል፣ ልጆች አባ ኮዳ እያሉ ይጮኻሉ። ጠጠሩ ከሦስት በኩል ይመጣል። አንዲት ግልገል ብቻ አምልጣ ትወርድና ሐይቁ ላይ ትወድቃለች። አብራሪዋ ትወጣለች። ውሃው ለእሷ ሞቃት ነው፣ አየር ያንሳታል። እንደዚያ በርሜል ውስጥ እንዳሉት ዓሣዎች አፏን ወደ ላይ አውጥታ ታዛጋለች። አጠገቧ አንድ ጀልባ አለ። አጥማጁ መረብ ይጣልባት ወይስ በረዶ የያዘውን ሳጥን ይክፈትላት፣ ገና አልወሰንኩም።

---

የአሞራ ገደሏ

ሳጥኑ ጀልባ ላይ አይደለም ያለው፣ ነጋዴዎቹ ጋ ዳር ላይ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ና። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ አጥማጆቹ ሲያራግፉ አብረን እንይ። ከዳር እስከ ጀልባ ያለውን ርቀት ለክተህ እሱን ጻፍ።