«ገበታ» ዕቃው ነው ወይስ ምግቡ?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ለተማሪዎቼ የቤት ዕቃዎችን ስም የሚያብራራ አጭር ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ሳለሁ «ገበታ» ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ። መንዝ ያሉት እናቴ ገበታ የሚሉት ከእንጨት የተጠረበውን ምግብ ማቅረቢያ ብቻ ነው፤ መሶቡን በዚህ ስም ብጠራው ይስቁብኛል። ይሁን እንጂ «ገበታ ቀርቧል» ስንል ምግቡን፣ «ገበታው ተነሣ» ስንል የመብሉን ማብቃት፣ «የፊደል ገበታ» ስንል ደግሞ ሀ ሁ የተጻፈበትን ሰሌዳ ማለታችን ነው። በ2011 ዓ.ም. ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት «ገበታ ለሸገር»ም ራትን እንጂ ዕቃን አላመለከተም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁሉንም የሚያገናኛቸው ጠፍጣፋው እንጨት ነው፤ ነገር ግን «ገበጣ» የሚባለው ጨዋታ ከእንጨት ተጠርቦም ጉድጓዳማ መሆኑ፣ በ«ጣ» መጻፉም ተጨምሮበት፣ ሐሳቤን አፍርሶብኛል (ተማሪዎቼማ ሁለቱንም በ«ታ» ይጽፏቸዋል)። ስለዚህ የምታውቁ ወገኖቼ፣ በፍቺ አሰጣጥ የትኛው ትርጉም መቅደም እንዳለበት፣ ሁለቱ ቃላት ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው፣ እንዲሁም በተጉለት፣ በቡልጋና በይፋት ገበታ የሚባለው ዕቃ የትኛው እንደሆነ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጽሑፉን የማስረክበው ከፋሲካ በፊት ነው።