ለቀድሞ ወታደሮች የመስማት አገልግሎት፦ የሰሜን ሸዋ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አባላት፣ ለዞኑ እና ለረድኤት ድርጅቶች በጋራ የምናቀርበውን ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ አድርሻችኋለሁ። ረቂቁ የሚጠይቀው በውትድርና ዘመናቸው ጆሯቸው ለተጎዳ አባሎቻችን የመስሚያ መሣሪያ ተገዝቶ እንዲታደል ነው። ለመግቢያው የተጠቀምኩት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣውን ሪፖርት ሲሆን፣ መሣሪያው ከሚያስፈልጋቸው የዓለም ሰዎች ውስጥ በእርግጥ የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገልጻል። ሻምበል፣ እርስዎ የመድፈኛ ክፍል ሰው ስለሆኑ ስለ ጉዳቱ መንስኤ የተጻፈውን ክፍል ቢያዩልኝ እወዳለሁ።

ሻምበል፣ መሐል ሜዳ

ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በጦርነት የተነሣ የመስማት ችግር» የሚለው አነጋገር ለሚያነበው ኃላፊ ምንም አይነግረውም፤ ነገሩ እንዴት እንደደረሰ ይጻፍ። የክላሽ ተኩስ ከተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከ150 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያልፋል፣ የመድፍ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ከ140 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድንገተኛ ድምፅ ግን በአንድ ጊዜ ብቻ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። እኔ በ1970 ዓ.ም. በካራማራ ግንባር ከመድፍ አጠገብ ስቆም ጆሮዬን የምደፍነው በመዳፌ ነበር፤ ጥይት አጉራሽ ስሆን ደግሞ መዳፌም ሥራ ላይ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው ስለማይበቅሉ፣ «ጉዳቱ ታክሞ እንዲድን» የሚለው ሐረግ ከረቂቁ ይውጣ። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ በተለይም በ4000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ ያለው። ሰዎች የማይገባቸውም ይህ ነው፤ ሰው ሲናገር ድምፁ ይደርሰኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም። «ሠራ»፣ «ፈራ» እና «ጠራ» ለእኔ አንድ ቃል ሆነዋል። በእድር ስብሰባ ላይ ራሴን ነቅንቄ ያጸደቅሁትን መዋጮ ቤት ስገባ ከልጆቼ የምሰማበት ጊዜ አለ። ጎረቤትም «ሻምበል የሚፈልገውን ብቻ ይሰማል» ይላል። ጮኾ ማናገር ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ያበዛዋል እንጂ የጎደለውን ቀጭን ድምፅ አይመልስም። ሌሊት ሌሊት በጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸውም ነገር በረቂቁ ስላልተጠቀሰ ይጨመርበት።

የጤና ባለሙያ አባል፣ ሸዋ ሮቢት

ሻምበል ያሉት እንዳለ ይግባ። እኔ በሙያዬ ከመሣሪያው በፊት ስለሚመጣው ነገር ላሳስብ። ከሚመጡልን አረጋውያን አንዳንዶቹ ችግራቸው የደረቀ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በፍንዳታ የተቀደደ የጆሮ ታምቡር ኖሯቸው መግል የሚፈሳቸውም አሉ፤ እነዚህ ሳይታከሙ መሣሪያ ቢደረግላቸው ሕመሙ ይባባሳል። በጦር ሜዳ ከቆሰሉ በኋላ ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን በብዛት የተወጉም ጆሯቸው በመድኃኒቱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ በምርመራው ቅጽ ላይ ይህ ጥያቄ መኖር አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን «ይታደል» በሚለው ቃል አልስማማም። ለአባቴ ከዓመታት በፊት ከአንድ በጎ አድራጊ መሣሪያ ተሰጥቶት ነበር። መሣሪያው የመስማት ደረጃው ተለክቶ አልተስተካከለለትም፣ ማስገቢያውም፣ ማለትም ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ በጆሮው ቅርጽ አልተሠራም፤ ስለዚህ ባኘከ ቁጥር ያፏጭ ነበር። ባትሪው በሁለት ሳምንት አለቀ፤ ብርቱካናማ ልጣፍ ያለው 13 ቁጥር ነበር፣ ሮቢት ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። መሣሪያው እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በእኛ ቆላ ደግሞ ላብ ስለሚያበላሸው ማታ ማታ እርጥበት በሚመጥ ማድረቂያ ውስጥ ማደር አለበት፤ እናንተ ደጋ ያላችሁት ብርዱ የባትሪውን ጉልበት እንደሚቀንስ ዕወቁ።

ሃምሳ አለቃ፣ ደብረ ሲና

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ምርመራ፣ ሥልጠና፣ ጥገና እያልን ስናበዛው ለጋሹ «ይህ የሆስፒታል ሥራ ነው» ብሎ እንዳይመልሰን። መሣሪያ ይቆጠራል፣ ፎቶም ይነሣል፤ ገንዘብ የሚሰጡትም ይህን ይወዳሉ። ተጠቃሚውም በግልጽ ይለይ፤ በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት አባላት፣ ሚሊሻ የነበሩ እና ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው የድንበር ጦርነት የዘመቱ ሁሉ ያለ ልዩነት ይካተቱ። ጆሮ በማን ዘመን እንደተጎዳ አይጠየቅም።

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የተጠቃሚው አንቀጽ ሃምሳ አለቃ እንዳሉት ይጻፋል፣ በዚህ ላይ የተቃወመ የለም። የለጋሹን ነገር ግን ካሰብኩበት በኋላ ወደ ሮቢቷ እኅታችን ሐሳብ አዘንብያለሁ፤ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ማንንም አይጠቅምም። በአሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚከፈልባቸው ጉዳቶች በብዛት ከቀዳሚዎቹ መካከል የጆሮ ጩኸት እና የመስማት መቀነስ ይገኛሉ፤ በዚያ መሣሪያው ለሚገባው ሰው ሲሰጥ ባትሪውም አብሮ በነፃ ይሰጣል። የእኛ አቅም ከእነርሱ ጋር ባይነጻጸርም መሣሪያውንና ባትሪውን ያለመነጠሉ ሐሳብ ይጠቅመናል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ባለሙያ በሚያንስበት አገር የሠለጠኑ ሌሎች ሠራተኞች ለአዋቂዎች መሣሪያ የማስገጠሙን ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ ይገልጻል። ስለዚህ አንቀጽ ሁለትን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦

«ማኅበሩ የሚጠይቀው በደብረ ብርሃን አንድ ቋሚ የመስማት ምርመራ ክፍል እንዲቋቋም፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ በየቦታው አንድ ነርስ በማስተካከልና በቀላል ጥገና እንዲሠለጥኑ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም በጆሮው ቅርጽ የተሠራ ማስገቢያ ያለው መሣሪያ ከአንድ ዓመት ባትሪ ጋር እንዲሰጥ እና ከአንድ የቤተሰቡ አባል ጋር ስለ አጠቃቀሙ እንዲሠለጥን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ የሚያዝዝ በመሆኑ፣ ጥያቄው ይህን መሠረት ያደርጋል።»

ሃምሳ አለቃ፣ ደብረ ሲና

እንግዲህ የመሣሪያው ብዛት በአባሪ ሠንጠረዥ ይቀመጥልኝ፣ ቁጥር የሚፈልግ ያየዋል። በዚህ ከተስማማችሁ እፈርማለሁ።

ሻምበል፣ መሐል ሜዳ

እኔም እፈርማለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ከዞኑ ጋር የምንነጋገርበት ስብሰባ እንደ ባለፈው በቆርቆሮ አዳራሽ በማይክራፎን እንዳይሆን። ትንሽ ክፍል ይፈለግና ተናጋሪው ፊቱ በሚታይበት ይቀመጥ፣ የሚነበበው ጽሑፍም አስቀድሞ ይታደለን፤ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ካየሁ የቀረውን እደርስበታለሁ።