ጀርባው ላይ 100 ቮልት የሚል የጃፓን አምፕሊፋየር ልግዛ ወይስ አዲሱን?

ጠያቂ (አዳማ፣ ደምበላ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሳሎን የሚሆን አምፕሊፋየር ልገዛ ነው። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው። ስፒከር አለኝ፤ 8 ኦም፣ 87 ዴሲቤል ይላል። ሁለት ዕቃ አይቻለሁ። አንዱ ያገለገለ የጃፓን ነው፤ ለብቻ የማይነሳ ከባድ ዕቃ። ጀርባው ላይ 100 ቮልት፣ 180 ዋት ተጽፎበታል። ሻጩ «ዲቫይደር ላይ ሰካው፣ ምንም አይልህም» አለኝ። ሌላው መዳፍ የምታክል አዲስ ናት። ካርቶኗ 1200 ዋት ይላል፤ አዳፕተሯ 24 ቮልት፣ 5 አምፔር ነው። ሰፈራችን ደግሞ ማታ ማታ መብራት ይዋዥቃል። የትኛውን ልውሰድ? ስታቢላይዘርስ ያስፈልገኛል?

ጋሽ ቴስተር፦
ልጄ፣ የሻጩን ምክር እዚያው ተወው። ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ ቮልት አይቀንስም። የ100 ቮልቱን ዕቃ 220 ላይ ብትሰካው ዕድለኛ ከሆንክ ፊውዙ ይበጠሳል፤ ካልሆንክ ዋናው ትራንስፎርመር ይቃጠላል። እሱ ከተቃጠለ ደግሞ መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ ድረስ ነው።

220ን ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ገበያው ላይ የሚበዛው ወደ 110 የሚያወርደው ነው፤ እሱን አልመክርህም። መስመሩ 240 ሲገባ ያ ትራንስፎርመር 120 ይሰጥሃል። ለ100 የተሠራ ዕቃ ላይ 20 በመቶ ትርፍ ማለት ነው። አቅሙ ከ300 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) አይነስ፤ 500 ብታገኝ እሰየው። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡትን ቀላል መቀነሻዎች ግን እንዳትነካ።

ዋት ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ 1200 ዋት የሚባለውን ነገር ካርቶኑ ላይ ተወው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 24 ቮልት በ5 አምፔር ሲባዛ 120 ዋት። አዳፕተሩ የሌለውን ከየት ያመጣል? ስፒከርህ 8 ኦም ስለሆነ ደግሞ በ24 ቮልት ድምፁ ሳይሰባበር የምታገኘው ለአንዱ ስፒከር ቢበዛ 36 ዋት ነው።

ግን እንዳትንቀው። 87 ዴሲቤል ማለት በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ 87 ይሰጣል ማለት ነው። ዋቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ2 ዋት 90፣ በ4 ዋት 93፣ በ16 ዋት 99 ትደርሳለህ። በ99 ሳሎን ውስጥ ወሬ አይሰማም፤ ጎረቤትም ግድግዳ መምታት ይጀምራል። ድምፅህ እንዲያምር ከፈለግህ ብርህን ስፒከሩ ላይ አውል።

የገንደ ሀራው፦
ከተማችን ዳር 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች ቆመው እኛ ስታቢላይዘር እንግዛ? 😂

ጋሽ ቴስተር፦
እሱ ወደ አገር አቀፉ መስመር ነው የሚገባው፣ የእኔ ልጅ። መዋዠቁ የሚመጣው ከሰፈር ትራንስፎርመር ነው። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ይጨናነቃል።

ስለ ስታቢላይዘር ልመልስ። የትንሿን አዳፕተር ጀርባ እይ። «100-240» የሚል ከሆነ መብራቱ 180 ቢወርድም እሷ አታውቀውም፤ ስለዚህ ስታቢላይዘር አያሻም። የጃፓኑ ግን ቮልት ሲወርድ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። በዝግታ ስትሰማ ልዩነት የለውም። ከፍ አድርገህ ቤዙ ሲመታ ግን ድምፁ ይፈርሳል፣ ከቆየም ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ስፒከር) ያቃጥላል። ስለዚህ ለጃፓኑ ስታቢላይዘር ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ ትራንስፎርመሩ፣ ከዚያ አምፑ። መብራት ሲሄድ ግን የትኛውም ይሁን ንቀለው። ሲመለስ ነው ዕቃ የሚያጠፋው።

ሰላማዊት፦
እኔም አዳማ ነኝ። ሙቀቱን አትርሳ። የጃፓኑን ከወሰድክ ከላዩ ባዶ ቦታ ተውለት። እናቴ የእኛን አምፕ በዳንቴል ሸፍና፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበት ነበር። ቀትር ላይ ራሱን ያጠፋል። ዳንቴሉ ሲነሳ ተሻለው፣ እማዬ ግን እስካሁን አኩርፋለች። 😅

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ። ሱቅ ውስጥ ትንሿን ስንሞክራት ከዲሹ ሪሲቨር ጋር ስትገናኝ «እምምም» የሚል ድምፅ አወጣች። በስልክ ግን ፀጥ ትላለች። ተበላሽታ ይሆን?

ዋት ቆጣሪ፦
አልተበላሸችም። ሙዚቃውን አቁመህ ከጣሪያ የሚመጣውን የዲሽ ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀለው። እምምታው ከጠፋ መንገዱ በዚያ ነው። የድምፅ ገመዱ መሀል የሚገባ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ እሱን አስገባ። ሪሲቨሩንና አምፑን ከአንድ ሶኬት ማስነሳትም ይረዳል። የኤርዙን ገመድ ቁረጥ የሚልህን ግን እንዳትሰማ፤ አደጋ አለው።

ጠያቂ፦
እሺ፣ እንግዲያው ትንሿን ልወስድ ነው። የጃፓኑ ላይ ትራንስፎርመርና ስታቢላይዘር ሲጨመር ዋጋው አላዋጣኝም።

ጋሽ ቴስተር፦
ጥሩ ነው። ከመክፈልህ በፊት አዳፕተሩን በእጅህ ያዘው፤ ግማሽ ሰዓት ካጫወትከው በኋላ የሚፋጅ ከሆነ ሌላ እንዲቀይሩልህ ጠይቅ።