ደሴ ላይ የጽጌረዳዬ ቅጠል እየረገፈ ነው

የደሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ውስጥ እናቴ የተከለቻቸው ቀይ ጽጌረዳዎች አሉ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የታችኛው ቅጠል ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። እምቡጡ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ትንንሽ ተባይ ተጣብቋል፣ ጉንዳን ይመላለስበታል። ከሱቅ መድኃኒት ገዝቼ ልርጨው? በጣም ነው የምሳሳላቸው።

ከቶሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ፣ በዚህ አይሞቱም። ጥቁሩ ነጠብጣብ ፈንገስ ነው። ቅጠሉን ለመያዝ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥበት ይፈልጋል። የእኛ ክረምት ደግሞ ማታ ዝናብ፣ ጠዋት ጉም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ አድርጊ። መሃል ላይ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ቁረጪና ነፋስ ይግባበት። የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ልቀሚና አቃጥይው። ፈንገሱ እዚያ ተቀምጦ ነው፣ ዝናቡ ሲመታው ተፈናጥሮ ወደ ተክሉ የሚመለሰው። እባክሽ ይቺን ሥራ አትናቂያት፤ ሰው ሁሉ ወደ መርጨት ነው የሚሮጠው። መድኃኒት እኮ አዲሱን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም።

ተባዩ ክሽክሽ ነው። ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያወጣ ጉንዳን ከጠላት ይጠብቀዋል። በጎማ ውሃ በኃይል እጠቢው፤ የወደቀው አብዛኛው አይመለስም። ቀይ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ ካየሽ አትንኪያት፣ ክሽክሽ በላተኛ ናት። ጠንካራ ፀረ ተባይ ከረጨሽ እሷንም ትጨርሻታለሽ።

የደሴዋ፦
አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዛሬውኑ እለቅማለሁ። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ጽጌረዳ ላይ ግን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር አለ። ያው በሽታ ነው?

የኮምቦልቻው፦
አይደለም፣ ያ አመዳይ ነው። እሱም ፈንገስ ነው፤ ግን ዝናብ አያስፈልገውም። ቀኑ ደረቅና ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ይብስበታል። ጥላ ሥር ከሆነ ፀሐይ እንዲያገኝ ዙሪያውን ክፈቱለት። ለጋው ቅጠል መጠቅለል እንደጀመረ ድኝ ቢረጭ ይይዘዋል፤ ቀትር ላይ ግን በፍጹም፣ በሙቀት ቅጠሉን ያቃጥለዋል። በበጋ ቅጠሉ ደብዝዞ ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር ካየች ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ድኙን ትታ የቅጠሉን የታች ገጽ ደጋግማ በውሃ ትጠብ።