የዝነኞችን ግለ ታሪክ የሚጽፈው ማነው? ተሸወድኩ ወይስ አበዛሁት?

ሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ፓርኪንግ ውስጥ ነው፣ ያውም ሌሊት። ከስምንት ሰዓት በኋላ መኪና ዝር ስለማይል መጽሐፍ ማንበብ ለምጃለሁ። ባለፈው ወር የዊል ስሚዝን ግለ ታሪክ ጨረስኩ። አባትየው የሱቁን የፊት ግንብ አፍርሶ ሁለቱን ልጆቹን «እናንተው ሥሩት» ይላቸዋል። ከትምህርት ቤት መልስ እየለወሱ፣ እየደረደሩ፣ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ፈጀባቸው። እዚህ ቦታ ላይ ሥራ ላይ መሆኔን ሁሉ ረሳሁ።
ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አየኝና «ይኼን እኮ ሌላ ሰው ነው አብሮት የጻፈው» አይልም! ገልጬ ሳይ እውነትም ማርክ ማንሰን የሚል ስም አለበት። ታዲያ ያ ሁሉ «እኔ» «እኔ» የማን ነው? ደግሞ ሌላ ነገር፣ እነዚህ መጻሕፍት መሃላቸው ላይ ሲደርሱ ለምንድነው የሚሞቱት? ልጅነቱ ማር ነው። ሰውየው ታዋቂ ከሆነ በኋላ ግን ፊልም፣ ሽልማት፣ ቤት፣ ፊልም። እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሚሰማኝ?

የድሮ ገጽ፦
አልተሸወድክም ወንድሜ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉትን አስባቸው። ሴትዮዋ እያለቀሰች ትናገራለች፣ ጸሐፊው «እኔ አመልካች» ብሎ ይጀምራል። በደሉ የሷ ነው፣ እጁ ግን የሱ ነው። ጎበዝ ከሆነ እንደውም ራሷ ያላሰበችውን ጥያቄ ጠይቆ ያስታውሳታል። የዝነኞቹም እንደዚያው ነው፤ ለብዙ ሰዓት ያወራሉ፣ ይቀዳል፣ አንዱ ቁጭ ብሎ መልክ ያስይዘዋል። አንዳንዱ ስሙ ሽፋን ላይ ይወጣል፣ አንዳንዱን መጨረሻ ላይ ካለው የምስጋና ገጽ ፈልገህ ነው የምታገኘው።
እኔን የሚያሳስበኝ ማን ጻፈው ሳይሆን ምን ነገረው የሚለው ነው። አሜሪካዊቷን የጃዝ ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይን ውሰድ። በፈረንጆቹ 1956 የወጣውን ግለ ታሪኳን ዊሊያም ደፍቲ የሚባል ጋዜጠኛ ነው አብሯት የሠራው። ገና ሲጀምር አባቷና እናቷ ሲጋቡ እሱ 18፣ እሷ 16፣ ቢሊ ራሷ ደግሞ 3 ዓመቷ እንደነበር ትነግርሃለች። ታነብና ፈገግ ትላለህ። በኋላ ሕይወቷን ያጠኑ ሰዎች መዝገብ ሲያገላብጡ ሁለቱ ጭራሽ አልተጋቡም፣ በዕድሜም የምትበልጠው እናትየው ነበረች። እና ዋሸች? እኔ እንደ ውሸት አላየውም። ሠርግ ያልነበረበት ቤት ውስጥ ሠርግ የደገሰች ልጅ ነው የማያት። ከእውነተኛው መዝገብ ይልቅ ይቺ ሐሰት ስለሷ ብዙ ነገረችኝ።

ቀይ ሽንኩርት፦
«መሃል ላይ ይሞታል» ላልከው የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያኑን ቻርሊ ቻፕሊንን የመሰለ ምስክር የለህም። ግለ ታሪኩን በ1964፣ ሰባ አምስት ዓመቱ ላይ ነው ያሳተመው። ልጅነቱ ለንደን ውስጥ ድህነት ነው፣ የድሆች መጠለያ ነው፣ የእናቱ የአእምሮ ሕመም ነው። አምስት ዓመቱ ላይ ነው አሉ፣ እናቱ መድረክ ላይ እየዘፈነች ድምፅዋ ይዘጋል። ታዳሚው ወታደር የበዛበት ነው፣ ይጮኻል፣ ያፌዛል። ትወርዳለች። ኃላፊው ልጁን እጁን ይዞ መድረክ መሃል ላይ ያቆመውና ጥሎት ይሄዳል። ልጁ ይዘፍናል። ገና ሳያጋምሰው ሳንቲም ይዘንብለታል። ወዲያው ዘፈኑን ያቋርጥና መጀመሪያ ሳንቲሙን ልልቀም፣ ከዚያ እጨርስላችኋለሁ ይላቸዋል። ቤቱ በሳቅ! ኃላፊው መሐረብ ይዞ ሊያግዘው ሲመጣ ደግሞ ልጁ ሊወስድብኝ ነው ብሎ ይሰጋል፣ ሳንቲሙ እናቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ከሰውየው እግር ሥር አይጠፋም። ያቺ ሌሊት ለሱ የመጀመሪያዋ፣ ለእናቱ የመጨረሻዋ መድረክ እንደነበረች የሚነግረን ራሱ ነው።
በኋላስ? ቸርችል፣ አይንስታይን፣ ጋንዲ። የሠርግ መጥሪያ ዝርዝር በለው። የሁለቱ ትልልቅ ወንዶች ልጆቹ እናት ሊታ ግሬይ ግን ስሟ እንኳ ሳይጠራ በጥቂት መስመር ታልፋለች። ለጋንዲ ቦታ ነበረ፣ ለልጆቹ እናት አልተገኘም። አናደደኝ፣ አልዋሽም።

ይለፈኝ፦
@ቀይ ሽንኩርት ኧረ ቀስ በይ! ዝም ማለቱ ጨዋነት ቢሆንስ? ተፋተው፣ ሰው አፍ ውስጥ ገብተው፣ በፍርድ ቤትና በጋዜጣ ያለቀ ነገር ነው። ልጆቹ ያነቡታል። እኔም ብሆን ስለ ቀድሞ ባለቤቴ አንድ መስመር አልጽፍም። እናንተ መጽሐፍ ሳይሆን ሐሜት ነው የጠማችሁ።
ይልቅ የኛ ነገር ነው የሚያሳዝነኝ። የኛ ሰው አርቲስት ሲሞት ቀብር ላይ ቆመን የሕይወት ታሪኩን እንሰማለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ስሙን ቀይረህ ለሌላው ብታነበው ማንም አይነቃም። መቼ ተርቦ ያውቃል፣ ማንን ፈራ፣ የመጀመሪያ ደሞዙን ምን አደረገበት፣ የለም። በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ትንሽ ጣል ያደርጉልናል፣ ወዲያው ማስታወቂያ ይገባል።

ታክሲ ተራ፦
ጠያቂው፣ የኮሜዲያኑን የትሬቨር ኖኅን አንብበው፣ በፈረንጆቹ 2016 ላይ የወጣውን። በ1984 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲወለድ እናቱ ጥቁር፣ አባቱ ነጭ ስዊዘርላንዳዊ ናቸው። ከ1927 ጀምሮ በነበረ ሕግ ደግሞ የነሱ አብሮ መተኛት ወንጀል ነው፣ ማስረጃው ልጁ ራሱ። ስለ ዝናው ይነግረኛል ብለህ እንዳትጠብቅ፣ በዓለም ስላስጠራው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከቁም ነገር የሚቆጠር ነገር የለበትም። መጽሐፉ የእናቱ ነው ብትል ይቀላል። ለዚህ ይመስለኛል መሃሉ ላይ ያልሞተው።
መጀመሪያ ላይ ያለችው የሚኒባስ ታሪክ ለኛ ሰው አትነገርም እኮ! እሑድ ነው። በቀን ሦስት ቤተ ክርስቲያን የሚዞሩ ሰዎች ናቸው፣ አሮጌዋ ቮልስዋገን አልነሳ ብላለች፣ ሲመሽ ሚኒባስ ውስጥ ይገባሉ። ሹፌሩ እናትየዋን በብሔሯ ይሳደባል፣ ይዝታል፣ ፍጥነቱን ይጨምራል። እሷ በሩን ከፍታ ትሬቨርን ገፍትራ ትጥለውና ሕፃን ወንድሙን ታቅፋ ራሷም ትዘላለች። ሮጠው ካመለጡ በኋላ እሷ እግዚአብሔር አዳነን ትላለች፣ እሱ ደግሞ ለሚቀጥለው እሑድ ኢየሱስ እኛ ቤት ቢመጣ አይሻልም ወይ ይላታል። አስፋልት ዳር፣ ደም በደም ሆነው፣ ይስቃሉ። እኔ ይኼን ያነበብኩት ታክሲ ውስጥ ነው፣ ረዳቱ «ወንድም ሂሳብ» ሲለኝ ደንግጬ ብድግ አልኩ።
ራሱ ነው ያነበበው፣ በድምፅ ካገኘኸው እሱን ያዝ። እናቱን ሲያስመስል መስማት ሌላ ነው።

ቀይ ሽንኩርት፦
ሁሉም ግን አይችልም። ዘፋኟ ብሪትኒ ስፒርስ በ2023 መጽሐፏ በድምፅ ሲወጣ መግቢያውን ብቻ ነው ያነበበችው፣ የቀረውን ተዋናይቷ ሚሼል ዊሊያምስ ናት። 13 ዓመት በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሌላ ሰው ሞግዚትነት ሥር የኖረችበትን ነገር ጮክ ብሎ እንደገና ማለት ከበዳት። @ይለፈኝ እሺ፣ እዚህ ላይ ዝምታ ይገባኛል። ቻፕሊንን ግን አልምረውም።

ሌሊት ፈረቃ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @የድሮ ገጽ የማመልከቻዋ ነገር አሳመነችኝ፣ ዊል ስሚዝንም ይቅር ብዬዋለሁ። የትሬቨርን በድምፅ ጀምሬ ሚኒባሷ ጋ ደርሼ ነበር። ብቻዬን ስስቅ አንዲት ደንበኛ መኪናዋን ልትወስድ መጥታ ቆማ ታየኛለች። ቲኬቱን ተቀብዬ የሌላ ሰው ቁልፍ ሰጠኋት።