ርካሽ ድሮን በበዛበት ዘመን ታንክና ሄሊኮፕተር ምን ይበጃቸዋል?

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ወደ ቢሾፍቱ የሚያልፍ ሄሊኮፕተር ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። በዩክሬን ጦርነት በጥቂት መቶ ዶላር የሚገጣጠም ድሮን ሚሊዮኖች የወጡበትን ታንክ ሲያቃጥል አይተናል፤ ታዲያ ሀብታሞቹ አገሮች ለብረት ለበስ፣ ለሄሊኮፕተርና ለእግረኛ ወታደር አዲስ መሣሪያ አሁንም ገንዘብ የሚያፈሱት ምን ተማምነው ነው? በሙያው ያለፋችሁ ብታብራሩልኝ።

የቀድሞ ታንከኛ (ገላን)፦
ወንድሜ፣ እኔ የሠራሁት ቲ-55 በተባለው የሶቪየት ታንክ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልነሣ። የማማው፣ ማለትም መድፉን የተሸከመው የላይኛው ክፍል፣ የፊት ብረት 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወፍራል፤ በትከሻ ተይዞ ከሚተኮሰው ፀረ-ታንክ ሮኬት ከአርፒጂ-7 ጥይቶች መካከል ግን እስከ 500 ሚሊ ሜትር ብረት የሚበሳ አለ። ስለዚህ ብረት በመደረብ ብቻ መዳን እንደማይቻል የታወቀው ድሮን ከመምጣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው። ሶቪየቶች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ቲ-55 ላይ ድሮዝድ የተባለ፣ የሚመጣውን ሮኬት በራዳር አይቶ ሳይደርስ የሚመታ መከላከያ ገጥመው ነበር። ተመሳሳዩ የእስራኤል መከላከያ ትሮፊ በመርካቫ ታንክ ላይ ተገጥሞ በማርች 2011 ጋዛ ድንበር አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ በውጊያ ሮኬት አክሽፏል። ኮምፒውተሩ ሮኬቱ ታንኩን ይስት እንደሆነ ያሰላል፤ የሚስተውን ይተወዋል፣ በሚመታው ላይ ብቻ የብረት ፍንጣሪ ይረጭበታል።

ችግሩ ፈጣን ሮኬት ለመያዝ የተሠራ ራዳር ከላይ ቀስ ብሎ የሚወርድን ድሮን ከወፍ ለመለየት መቸገሩ ነው፤ የታንክ ጣሪያ ደግሞ ከጥንትም ስስ ነው። የታንኩ ምድብተኞች ማማው ላይ የዶሮ ቤት የሚመስል የብረት ፍርግርግ የሚበይዱት ለዚህ ነው። (እዚህ ገላን ያለ በር ሠሪ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው።)

የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ (ለገጣፎ)፦
ጋሼ ያሉት ለሄሊኮፕተርም ይሠራል። አዲሶቹ የመከላከያ መሣሪያዎች የሚሳኤሉን የጭስ ማውጫ ነበልባል በአልትራቫዮሌት ጨረር አይተው፣ ሙቀት የሚከተለውን ዐይኑን በሌዘር ያደናግሩታል። ዐይን የሌለውን አርፒጂ ግን ሌዘር ምንም አያደርገውም፤ በኦክቶበር 1993 ሞቃዲሾ ላይ ሁለት ብላክ ሆክ የተባሉ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች የወደቁት በዚሁ ተራ መሣሪያ ነው። ክብደትም አይዘነጋ። በእኛ ከፍታ፣ እንጦጦን አስቡት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የተገጠመው ኪሎ ሁሉ ከወታደሩ ወይም ከነዳጁ ይቀነሳል።

አሜሪካ በዲሴምበር 2022 ብላክ ሆክን እንዲተካ የመረጠችው ቪ-280 የሚሽከረከሩ ክንፎቹን ወደ ፊት አዘንብሎ እንደ አውሮፕላን ስለሚበር በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በሌላ በኩል ግን በፌብሩዋሪ 2024 የዩክሬንን ጦርነት በመጥቀስ አዲስ የቅኝት ሄሊኮፕተር የመሥራት ዕቅዷን ሰርዛለች፤ የቅኝቱን ሥራ ድሮን ይሠራዋልና። ለጥያቄዎ ከሁሉ የሚቀርበው መልስ ይህ ውሳኔ ይመስለኛል።

እግረኛ የነበርኩ (ሰበታ)፦
ስለ እግረኛው ማንም አላነሳም፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ጦር በ2021 ከማይክሮሶፍት ጋር እስከ 22 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል ውል ካርታንና የሌሊት እይታን ዐይን ላይ የሚያሳይ መነጽር ሊያሠራ ተነሣ፤ በሙከራው ግን ወታደሮቹን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አስቸገራቸው። አዲሱ 6.8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃም ጥይቱ ኃይለኛ ቢሆንም ካዝናው የሚይዘው 20 ነው፣ የቀድሞው 30 ይይዝ ነበር። በዚህ ላይ መነጽሩም ሬዲዮኑም ባትሪ ይፈልጋሉ፤ በእኛ ጊዜ ስንቅና ውኃ የነበረበትን ቦታ አሁን ባትሪ ይዞታል። ዳገት የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የሬዲዮ ሞገድ ማፈኛ ታንኩ ላይ ቢገጠም ድሮኑን አያስቆመውም?

የቀድሞ ታንከኛ (ገላን)፦
በሬዲዮ የሚመራውን ብዙውን ያስቆማል። ነገር ግን ከ2024 ወዲህ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ እየተረተሩ የሚበሩ ድሮኖች በዝተዋል፤ በሬዲዮ ስለማይመሩ የሚታፈን ሞገድ የላቸውም። ለእነዚህ የተገኘው መላ በቅርብ ርቀት የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ሲሆን፣ የስንቅና የጥይት ማመላለሻ መንገዶች ላይ ደግሞ ከዓሣ አጥማጆች የመጣ መረብ ተዘርግቷል።